በእጅ ያለውን ስለ ማወቅ

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰበው ጉባኤ የተነገረ



የበዓሉ አዘጋጆች በዚህ ቀን ጥቂት ቃል እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ ስለ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አሰብሁ። ስለ ደብሩ ታሪክ እንዳልናገር ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ አባቶች በፊቴ ተቀምጠዋል፤ ስለ ሃይማኖት እንዳላስተምር ማዕርጌ አይደለም። ስለዚህ በዕድሜዬ ዘግይቼ የተማርሁትን፥ ለመማርም ብዙ የከፈልሁበትን አንድ ነገር ልነግራችሁ ወደድሁ። ይኸውም ሰው በየዕለቱ ኑሮ በእጁ ባለው ነገር እንዴት መጠቀም እንዲገባው ነው።

አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ይላሉ። ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው አጠገባችን ስላለ ሰው ነው፤ ነገር ግን ስለ ጓዳችንም እውነት ነው። የጐደላችሁን ቍጠሩ ብንባል ሌሊቱን ሙሉ ስንቈጥር እናድራለን፤ ያላችሁን ቍጠሩ ብንባል ግን ሦስት አራት ነገር ጠርተን ዝም እንላለን። ይህም ያለን ጥቂት ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ያለንን ልብ ብለን አይተነው ስለማናውቅ ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ ባለዕዳ ሆና ወደ እርሱ የጮኸችውን መበለት የጠየቃት ስለ ዕዳዋ ብዛት ሳይሆን በቤቷ ስላለው ነገር እንደ ሆነ ታስታውሳላችሁ። እርሷም ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ተናገረች። ዕዳዋ የተከፈለው ግን «በቀር» ብላ ባቃለለችው በዚያው ዘይት ነበር።

እንግዲህ ነገሩን ከጓዳ እንጀምር።

እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ እርሾ ይጨምሩበታል። እርሾውም ከገበያ የተገዛ አይደለም፤ ካለፈው ሊጥ ላይ ተቀድቶ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ የዛሬው እንጀራ የሚቦካው በትናንቱ ትራፊ ነው። እንጀራው ከተጋገረም በኋላ ሥራው አንድ ብቻ አይደለም። ትኵሱ ለማዕድ ይቀርባል፤ ያደረው ፍርፍር ይሆናል፤ የበዛው በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ተብሎ ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል። ከጠላው የሚቀረውን አተላ ከብት ይጠጣዋል። የጤፉ ጭድ ከብት ይቀለብበታል፤ ከጭቃ ጋራ ተረግጦም ግድግዳ ይመረግበታል። ከምድጃው የሚዛቀው አመድ ዕቃ ይታጠብበታል፤ ለዘር በተቀመጠው እህል ላይም ነቀዝ እንዳይገባበት ይነሰነስበታል። ይህን ሁሉ ለእናቶቻችን ያስተማራቸው ትምህርት ቤት አልነበረም። አንዲት ሴት አንድ ቀን ነገሩን ልብ ብላ አየች፤ ያየችውንም ለልጅዋ ነገረች፤ ልጅዋም ለልጅዋ ነገረች። ብልሃት የሚባለው ይኸው ነው።

ወደ ደቡብ ወደ ጉራጌና ወደ ሲዳማ፥ ወደ ጋሞም አገር የሄደ ሰው በየቤቱ ዙሪያ የተተከለውን እንሰት አይቷል። ከእንሰት ተፍቆና ጕድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ቆጮ ይወጣል፤ ከተጨመቀውም ውሃ የረጋው ነጩ ቡላ ይሆናል፤ ሥሩ ተቀቅሎ አምቾ ይበላል፤ ከፍቁ የሚተርፈው ጭረት ቃጫ ሆኖ ገመድና ጆንያ ይሠራበታል፤ ቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል፥ ምግብ ይጠቀለልበታል፥ ለከብትም መኖ ይሆናል። 20 ሚሊዮን ያህል የአገራችን ሰው የሚኖረው በዚህ ተክል ነው። በአንዱ ተክል ላይ ይህን ሁሉ ጥቅም ያገኘ ሕዝብ ድኻ ሊባል ይችላል፤ አላዋቂ ግን ሊባል አይችልም።

ሁላችንም የምናውቀውን ነገር አንድ ሰው ልብ ብሎ ቢያየው ምን እንደሚያፈራ ለመረዳት የእንዶድን ነገር መስማት ይበቃል። እንዶድ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ ከውሃ ጋራ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ እናቶቻችንም ሳሙና ሳይገባ በፊት ሸማ ሲያጥቡበት ኖረዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉት የአገራችን ሊቅ የቢልሃርዝያን በሽታ ሊመረምሩ ወደ ዐድዋ ሄዱ። ይህ በሽታ ወደ ሰው የሚደርሰው በወንዝ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። ሊቁም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ውሃ፥ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች እንዳሉ አዩ። ከዚያ በኋላ ፍሬውን በምርምር ቢፈትኑት በእውነት ቀንድ አውጣን የሚገድል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህም ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ በ1989 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶዱም ወንዙም አጣቢዎቹም ከጥንት ጀምሮ በዚያው ነበሩ። የተጨመረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ቆሞ የሚመለከት ዓይን ነው።

እኛ በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ያደግን ሰዎች ደግሞ ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አይገባንም። አባቶቻችን መጽሐፍ ሊጽፉ በወደዱ ጊዜ ወረቀት ከባሕር ማዶ እስኪመጣ አልጠበቁም። የፍየሉንና የበጉን ቆዳ ወጥረው፥ ፍቀው ብራና አደረጉት፤ ከጥላሸት ቀለም በጠበጡ፤ ከመቃ ብዕር ቀረጹ። ቆዳው በፍቀቱ ጊዜ ቢቀደድ አልጣሉትም፤ ቀዳዳውን ሰፉት፤ የማይሰፋውንም ጸሐፊው ዞሮት በዙሪያው ጻፈ። ዛሬ የድሮ ብራና የገለጠ ሰው በቃሉ መካከል ያችን ስፌት ያገኛታል። እንዲህ ባለ ቆዳ ላይ የተጻፉት፥ በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች፥ ሊቃውንት በመረመሯቸው ጊዜ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። በጣና ገዳማት ደግሞ የብረት ደወል በሌለበት ሲመቱት የሚጮኸውን ድንጋይ መርጠው በገመድ አንጠልጥለው ደወል አደረጉት፤ ሕዝቡም በድንጋይ ድምፅ ለጸሎት ተሰበሰበ። የላሊበላንም 11 አብያተ ክርስቲያናት ያነጹት ድንጋይ ከሌላ ስፍራ አጓጕዘው አይደለም፤ በእግራቸው ሥር ያለውን አለት ወደ ታች ፈልፍለው ነው። ከዚያ በፊት በዚያ አለት ላይ ስንት ሰው እንዳለፈ አስቡ። አላፊው ሁሉ ድንጋይ አየ፤ እነርሱ ግን ቤተ መቅደስ አዩ።

ይህን ሁሉ ስናገር ራሴ በዚህ መንገድ የኖርሁ እንዳይመስላችሁ ጥፋቴን ልናዘዝ ይገባኛል።

በወጣትነቴ በከተማ የመምህርነት ሥራ ይዤ፥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ስኖር እናቴ ከገጠር ልትጠይቀኝ መጣች። በእጅዋም ቅቤ የሞላበት ቅል ይዛ ነበር። ቅሉ ከአፉ እስከ ወገቡ የተሰነጠቀ ነበረና ስንጥቁ በቃጫ ክር እየተመሳቀለ በጥሩ ስፌት ተጠግኗል። በዚያው ሳምንት የሥራ ባልንጀሮቼን ምሳ ጠርቼ ነበር። የተሰፋ ቅል በቤቴ እንዳያዩብኝ ቅቤውን ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጥሁና ቅሉን ከአጥር ውጭ ጣልሁት። ማታ እናቴ ቅልዋን ፈልጋ ባጣችው ጊዜ ጠየቀችኝ፤ እኔም እውነቱን ነገርኋት። አልተቈጣችኝም። ጥቂት ዝም ብላ፥ «ልጄ፥ ያፈርኸው በቅሉ ነው ወይስ በሰፋው እጅ?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በማለዳ ተነሥቼ ወደ ጣልሁበት ብሄድ ቅሉ የለም፤ አንድ አላፊ አግዳሚ አንሥቶት ሄዷል። ያ ሰው ከእኔ ይልቅ ዐዋቂ ነበር።

ይህ ነገር በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ትንሽ ነገር ነበር። ነገር ግን ያ እፍረት ከእኔ ጋራ አብሮ ኖረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለማግባት ባሰብሁ ጊዜ ባለኝ ልክ ከመደገስ ይልቅ «ሰው ምን ይለኛል» ብዬ ተበደርሁ። ድንኳን ተተከለ፤ ሠንጋ ተጣለ፤ እንግዳው በልቶ ጠጥቶ መርቆ ሄደ። እኔና ባለቤቴ ግን የሁለት ቀን ድግስ አራት ዓመት ከፈልን። በሦስተኛው ዓመት የበኵር ልጃችን በሌሊት ትኵሳት ያዘው፤ ለመድኃኒት የሚሆን ገንዘብም በቤታችን አልተገኘም። የደመወዜ እኵሌታ ለዕዳ ሄዶ፥ የቀረው በወር መካከል አልቆ ነበር። በጎረቤታችን የምትኖር አንዲት እናት፥ ከእኛ ይልቅ ድኻ የምትባል፥ ድምፅ ሰምታ መጣችና መቀነትዋን ፈትታ የቋጠረችውን ሰጠችን። ልጁም ዳነ። በዚያ ሌሊት በልጄ ራስጌ ተቀምጬ የእናቴ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። ያች ጎረቤታችን ከማዕድዋ ወድቆ የሚጣል ፍርፋሪ፥ ከልብስዋ ተቀዶ የሚወረወር ቍራጭ አልነበራትም፤ እኛም አንዳንድ ጊዜ በዚህ እንሥቅባት ነበር። በሠቅንበት ብልሃት ያተረፈችው ገንዘብ ልጃችንን አዳነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተረዳሁት ይህ ነው፤ ሰው በእጁ ባለው ነገር እንዳይጠቀም የሚከለክለው ከድኽነት ይልቅ እፍረት ነው። የተጣፈ ልብስ አያሳፍርም፤ ያልተከፈለ ዕዳ ግን እንቅልፍ ይነሣል። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት በከንቱ አይደለም። ደግሞም «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» ብለዋል። ድንጋይ ካለው ድንጋይ፥ ጦር ካለው ጦር የወረወረ ሰው ግዴታውን ፈጽሟልና የሚነቅፈው የለም።

በአዲስ አበባ በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚባለውን ስፍራ ያየ ሰው ያለ እፍረት የሚሠራ እጅ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የዘይትና የነዳጅ በርሜል ተቀዶ፥ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ የቆርቆሮ ቍራጭ ባልዲ ይሆናል፤ ያለቀ የመኪና ጎማ ተቈርጦ በረባሶ ጫማ ይሆናል። ይህም ዕቃ ወደዚያ የሚሄደው በየመንደሩ «ቆራሌው!» እያሉ በሚዞሩ ወጣቶች ትከሻ ነው። እኛ በራችንን ከፍተን አሮጌውን ብረትና ባዶውን ጠርሙስ በጥቂት ሳንቲም ስንሸጥላቸው ቤታችንን ከቆሻሻ ያጸዱልን ይመስለናል፤ እነርሱ ግን ከደጃፋችን እንጀራ ያነሣሉ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል» የሚለው ተረት የሚፈጸመው እንዲህ ነው።

ነገር ግን ወገኖቼ ሆይ፥ ማንኛውም በጎ ነገር ልክ አለውና ሦስት ነገሮችን ለይተን እንድናውቅ እለምናችኋለሁ።

ፊተኛው፥ ቍጠባና ንፍገት አንድ አይደሉም። ንፉግ የሚሰበስበው ለማንም እንዳይደርስ ነው፤ ብልኅ ግን የሚሰበስበው ለክፉ ቀን ለራሱም ለጎረቤቱም እንዲተርፍ ነው። መቀነትዋን የፈታችው ሴት ንፉግ ብትሆን ኖሮ ልጄን ባልዳነልኝ ነበር።

ሁለተኛው፥ ሁሉ ነገር ዳግመኛ ሥራ የለውም፤ ይህን አለማወቅም ነፍስ ያጠፋል። የተባይ መርዝ የነበረበት ጄሪካን ምንም ቢታጠብ ለውሃና ለዘይት አይሆንም። የሻገተ እህል፥ ይልቁንም የሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒ፥ ጕበትን የሚጎዳ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ መርዙም በመቀቀልና በመቍላት ፈጽሞ አይጠፋም። ለአንዱ ሕመምተኛ ታዝዞ የተረፈውን መድኃኒት ለሌላው መስጠት ቍጠባ ሳይሆን ጥፋት ነው። እንደዚሁም አንዱ ነገር ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ሊሠራ አይችልም፤ እበቱን ኵበት አድርገን ስናነደው እርሻው ፍግ ያጣል። ስለዚህ የትኛው ጥቅም እንደሚበልጥ መመዘን የብልሃት ክፍል ነው።

ሦስተኛውም፥ ይህ ምክር ባለጠጋ ለድኻ የሚሰጠው ምክንያት እንዳይሆን ነው። የተራበውን ሰው «ባለህ ተብቃቃ» ብሎ መሸኘት ትምህርት አይደለም፤ ጭካኔ ነው። ድኻው በጥቂት ነገር መኖርን ከእኛ ይልቅ ያውቃል፤ በዚህ ነገር እርሱ መምህር፥ እኛ ተማሪዎች ነን። «በእጄ ያለው ምንድር ነው?» የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ የሚገባው ብዙ ላለው ሰው ነው፤ ከሣጥኑ ሥር ተጣጥፎ ብል የሚበላው ጋቢ ለስንቱ ብርድ መድኃኒት በሆነ ነበርና።

አንድ ቤት ብቻውን የሌለው ነገር ደግሞ በማኅበር ሊገኝ ይችላል። ይህንም እድራችን አስተምሮናል። ከመካከላችን ብቻውን ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበርና ለመቶ ሰው የሚበቃ ድስት ሊገዛ የሚችል ጥቂት ነው፤ ሁላችን በየወሩ ጥቂት ጥቂት አዋጥተን ግን ሁሉም አለን፤ ኀዘን በገባበት ቤትም ዕቃው ሳይጠራ ይደርሳል። በገጠርም ገበሬው በሬ ሲጐድለው ከጎረቤቱ በሬ ጋራ ያቀናጃል፤ አጨዳው ሲበዛበት ደቦ ይጠራል። ስለዚህ «ያለኝ» ብለን ስንቈጥር ጎረቤትን ሳንቈጥር እንዳንቀር።

አሁን በዚህ በዓል ቀን ከዚህ ደብር ምእመናን ሦስት ትንንሽ ነገሮችን እለምናለሁ። ወደ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ጓዳችንንና ሣጥናችንን እንይ፤ ልንገዛው ያሰብነው ነገር ምናልባት በእጃችን ይገኝ ይሆናል። ዕቃ ከመጣላችን በፊት ለዚህ ሌላ ሥራ አለውን ብለን አንድ ጊዜ እንጠይቅ፤ ለእኛ ባይኖረው ለጎረቤት ይኖረው ይሆናልና። ከሁሉም የሚበልጠው፥ በየቤታችን ያሉትን አረጋውያን ሳንጠይቅ እንዳናሳልፋቸው ነው። ቅል የሚሰፉ፥ ብራና የሚዳምጡ፥ ስፌት የሚሰፉ፥ እህል ሳይነቅዝ የሚያኖሩ እጆች ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። በኢዮቤልዩ ቀን ያለንን ሀብት ብንቈጥር ከሕንፃውና ከመሬቱ በፊት የሚቈጠሩት እነርሱ ናቸው። የሚያውቁት ነገር ከእነርሱ ጋራ የተቀበረ እንደ ሆነ በገንዘብ ተመልሶ አይገዛም።

እኔም የእናቴን ጥያቄ የመለስሁት እርሷ ካለፈች በኋላ ነው። ቅል መስፋትን ከአንዲት አሮጊት ተማርሁ፤ ስፌቴ እንደ እናቴ ስፌት ያማረ አይደለም፥ ጥቂትም ያንጠባጥባል። ያንን ቅል እንግዳ ሲመጣ ከሚታይበት ስፍራ ሰቅየዋለሁ። ልጆቼም ምንድር ነው ብለው ሲጠይቁኝ ይህን ለእናንተ የነገርሁትን እነግራቸዋለሁ።

ወገኖቼ ሆይ፥ እርሾ ትንሽ ነው፤ ተጠብቆ የኖረ እንደ ሆነ ግን ሊጡን ሁሉ ያቦካል። አባቶቻችን ከዘመናቸው ሊጥ እርሾ አስቀርተውልናል፤ እኛም ለልጆቻችን ከእኛ ዘመን ሊጥ እርሾ እንዳናሳጣቸው እንጠንቀቅ።

 በዓሉን የበረከት በዓል ያድርግልን፤ ለሚመጣውም ኢዮቤልዩ ልጆቻችንን በሰላም ያድርስልን።